ኢንተርኔት ለሌለው ክፍል፦ 40 ታብሌት በአንድ ሰርቨር (ስሌቱ፣ አገጣጠሙ፣ የሚበላሸው)

ባለሽቦ (ክሩን የከፈተው)

«ለትምህርት ቤት የትኛው ታብሌት ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ሳምንት የለም። መልሱ ግን ታብሌቱ ላይ አይደለም። 40 ተማሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ሲከፍት ቀድሞ የሚንበረከከው ዋይፋዩ ነው፤ ቀጥሎ የኃይል አቅርቦቱ፣ ቀጥሎ ሜሞሪ ካርዱ። ታብሌቱ አራተኛ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እንሂድ። የጎደለውን ሙሉበት።

ሰርቨሩ (ይዘቱን ይዞ ለታብሌቶቹ የሚያድለው ኮምፒውተር)፦ ለአንድ ክፍል ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 4 ጊጋባይት ራም፣ ይበቃል። በ2023 (በዚህ ክር ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው ፓይ 5 ይፈጥናል፤ ግን በአግባቡ የሚሠራው 5 ቮልት 5 አምፒር በሚሰጥ ቻርጀር ነው። በ3 አምፒር ቻርጀርም ይነሳል፤ ሆኖም ለዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በጠቅላላ የሚለቀውን ወደ 600 ሚሊአምፒር ያወርደዋል። እዚያ ላይ የተሰካ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሥራ ሲበዛበት ድንገት ይሰወራል፤ ሰውም ዲስኩን ይረግማል። ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልትና 3 አምፒር ነው። ቮልቱ ከ4.63 በታች ሲወርድ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይወጣል። ይህን ምልክት ካያችሁ ቻርጀሩን ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ቮልቱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ካርዱ ላይ፣ ይዘቱና የተማሪዎች ዳታቤዝ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን። ካርድን የሚገድለው መነበብ ሳይሆን መጻፍ ነው፤ በተለይ እየተጻፈበት ሳለ መብራት ሲጠፋ። ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ በፓይ ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ያለውን «ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም» አብሩት። ከዚያ በኋላ ካርዱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ሶኬቱ በድንገት ቢነቀል እንኳ ሲስተሙ አይጎዳም። ዳታቤዙ ኤስኤስዲው ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን እንዳታበሩት፤ አለዚያ የዕለቱ የተማሪ ውጤት ሰርቨሩ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ሶፍትዌሩ፦ ያለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚያቀርቡት ኮሊብሪና ኪዊክስ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኮሊብሪ ላይ አስተዳዳሪ፣ አሠልጣኝ (መምህሩ ማለት ነው) እና ተማሪ የሚባሉ መለያዎች አሉ፤ መምህሩ ትምህርትና መልመጃ መድቦ ማን ምን ላይ እንደቆመ ያያል። ቻናሎቹን (የትምህርት ይዘት ስብስቦቹን) ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ወደ ውጫዊ ዲስክ አውርዳችሁ ከዲስኩ ወደ ሰርቨሩ ታስገባላችሁ። ተማሪው ብሮውዘር ላይ የሰርቨሩን አድራሻ ጽፎ ሁለት ነጥብና 8080 ይጨምርበታል። ኪዊክስ ዊኪፒዲያንና መሰል ድረ ገጾችን በአንድ «ዚም» ፋይል ጠቅልሎ ያቀርባል። ከነምስሉ ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከ100 ጊጋባይት ወዲያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት ትንሽ ድንጋይ አለች። በ«ፋት32» ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ወይም ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቅጂው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይቆማል፣ ዲስኩ ግን ባዶ ነው። ማመላለሻውን «ኤክስፋት»፣ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠውን ዲስክ «ኤክስት4» አድርጉት።

የፓይውን የራሱን ዋይፋይ ለክፍል አትጠቀሙበት። ለጥቂት መሣሪያ የተሠራ ነው። በኔትወርክ ገመድ ለብቻው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) አያይዙ።

—

ሞገድ

ባለሽቦ የአየሩን (የዋይፋዩን) ነገር በሁለት መስመር አለፈው፤ እኔ ልዘርዝረው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በ480 ፒ ጥራት የተጨመቀ የትምህርት ቪዲዮ በሰከንድ 800 ኪሎቢት ገደማ ይወስዳል። 40 ተማሪ ሲሆን 32 ሜጋቢት። ባለ አንድ አንቴና ርካሽ ታብሌት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ «72 ሜጋቢት» ብሎ ይገናኛል፤ ይህ ግን የግንኙነቱ ፍጥነት እንጂ የሚተላለፈው ዳታ አይደለም። በተግባር የሚገኘው ግማሹ ቢሆን ነው፣ እሱንም ሁሉም ይካፈሉታል። 40 መሣሪያ ተራ እየተሻማ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። እንግዲህ 32 ሜጋቢት ጣሪያውን ነክቷል ማለት ነው፤ ቪዲዮው ይሽከረከራል፣ ተማሪው ደጋግሞ ይነካዋል፣ ጭነቱም ይብሳል።

በ5 ጊጋኸርዝ ያው ባለ አንድ አንቴና ታብሌት በ40 ሜጋኸርዝ ስፋት እስከ 200 ሜጋቢት ይገናኛል። ስለዚህ ታብሌት ስትመርጡ ከፕሮሰሰሩ በፊት «5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ርካሽ ታብሌት የለውም፤ ማሸጊያው ላይ «ዋይፋይ» ብቻ ይላል።

በ2.4 መቆየት ግድ ከሆነ፦

የዋይፋዩ ቻናል (የሚሠራበት የሞገድ መስመር) 1፣ 6 ወይም 11 ብቻ። 3 ወይም 8 መምረጥ ብልጠት ይመስላል፤ በተግባር ግን ከሁለት ጎረቤት ጋር በአንዴ መጋጨት ነው። ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ እሰሩት።

ዝቅተኛ ፍጥነቶቹን (1፣ 2፣ 5.5፣ 11) አክሰስ ፖይንቱ ላይ ዝጉ። ሩቅ ጥግ ያለ አንድ ታብሌት በ1 ሜጋቢት ሲያወራ አየሩን ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል፤ ሌሎቹ 39 ቆመው ይጠብቁታል።

አክሰስ ፖይንቱን ክፍሉ ውስጥ፣ ከተማሪው ራስ በላይ ስቀሉት። ኮሪደር ላይ ሰቅሎ ለሦስት ክፍል ማካፈል ሦስቱንም ማዳከም ነው።

ሌላው፣ የዩኤስቢ 3 ዲስክና ገመዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫሉ። ዲስኩንና አክሰስ ፖይንቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ፤ አንድ ሜትር እንኳ ቢራራቁ ልዩነት አለው።

በመጨረሻ ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠውን የኔትወርክ አድራሻ አደላደል ተመልከቱ። ለቤት የተሠሩ ራውተሮች ብዙ ጊዜ 100 አድራሻ ገደማ ብቻ ያድላሉ፣ የሰጡትንም እስከ 24 ሰዓት መልሰው አይወስዱም። በቀን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች በራሳቸው ስልክ ከገቡ ሦስተኛው ክፍል አድራሻ ያጣል። «ተገናኝቷል ግን አይሠራም» የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የኪራይ ጊዜውን (አንድ መሣሪያ አድራሻውን ይዞ የሚቆይበትን) ወደ 1 ሰዓት ዝቅ፣ የአድራሻውን ክልል ወደ 200 ከፍ አድርጉት።

—

አዲስ ገቢ

እጅግ ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄ አለኝ፦ ተማሪዎች በራሳቸው ስልክ ሲገቡ ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ይገናኝና ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይወጣል፤ ወይም ተገናኝቶ ሳለ ገጹ አይከፈትም። ሰርቨሩ ደኅና ነው። ምን ይሆን?

—

ሞገድ

ስልኩ ከዋይፋዩ ጀርባ ኢንተርኔት መኖሩን ይፈትሻል። ሲያጣ በሞባይል ዳታ ለመውጣት ይሞክራል፤ የሰርቨሩ አድራሻ ደግሞ በሞባይል ዳታ በኩል የለም። መፍትሔው፦ ሞባይል ዳታውን ማጥፋት፤ ከዚያ «ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም፣ ይቆዩ?» ሲል «አዎ» ብሎ «ዳግም አትጠይቅ» የሚለውን ምልክት ማድረግ። ለመምህሩ ይህችን ሁለት መስመር በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉለት።

ሌላም አለ። ብሮውዘሩ የጻፉትን አድራሻ በራሱ ወደ «ኤችቲቲፒኤስ» (ወደተመሰጠረው ዓይነት) ሊቀይረው ይችላል፤ የክፍል ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ያ የለውምና ገጹ አይከፈትም። «ኤችቲቲፒ»ን ከነሁለት ነጥቡና ሁለቱ ጭረት ሙሉ መጻፍ ነው። በዚሁ ምክንያት ካሜራና ማይክሮፎን የሚፈልግ የብሮውዘር መልመጃ በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ አይሠራም፤ ብሮውዘሮች ያልተመሰጠረ ገጽ ካሜራ እንዲከፍት አይፈቅዱም።

—

ቪዲዮ ቆራጭ

የሞገድ ስሌት የሚሠራው ቪዲዮው በትክክል ከተዘጋጀ ነው። በስልክ የተቀረጸ 10 ደቂቃ ቪዲዮ እንዳለ ሰርቨር ላይ ከተጫነ ከአንድ ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። በ800 ኪሎቢት ሲጨመቅ ያው 10 ደቂቃ 60 ሜጋባይት ይሆናል። «ኤፍኤፍኤምፔግ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ «ሃንድብሬክ» በመስኮት ይሠራዋል።

ምርጫዎቹ፦ የቪዲዮው አጨማመቅ ኤች.264 የሚባለው ይሁን። ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሰዋል፣ ግን አሮጌ ታብሌት በሃርድዌር ስለማይፈታው ይንተባተባል፣ ባትሪም ይበላል። ቁመቱ 480 ፒክሰል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ለሰሌዳና ለስላይድ ቀረጻ 15 ፍሬምም ይበቃል። ድምፁ ኤኤሲ፣ ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት። በድምፁ ላይ ከዚህ በታች አትቆጥቡ፤ ምስሉ ቢደበዝዝ ይታለፋል፣ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ትምህርቱ የለም።

እንዳትረሱ፦ «ፋስት ስታርት» ወይም ሃንድብሬክ ላይ «ለድር የተመቻቸ» የሚለውን ምርጫ አብሩ። የኤምፒ4 ፋይል ማውጫ በነባሪ የሚጻፈው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ምርጫ ወደ ፊት ያመጣዋል። ካልመጣ አንዳንድ ማጫወቻ ፋይሉ በሙሉ እስኪወርድ ጥቁር ስክሪን ያሳያል፤ ሰው ደግሞ «ዋይፋዩ ደከመ» ይላል።

—

ጠመኔ

ሁሉንም በአክብሮት አነበብኩ። ግን 40 ታብሌት ለምን? መልሱን ሳትነግሩን ወደ ቻናል 6 ገባችሁ።

በፔሩ ገጠር 319 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ፣ በ2012 የወጣ ጥናት አለ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተር ያደላቸው ትምህርት ቤቶች በእጣ ከተለዩ በኋላ ካልተሰጣቸው ጋር ተነጻጸሩ። የኮምፒውተሩ ቁጥር በተማሪ ከ0.12 ወደ 1.18 አደገ። ከ15 ወር በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ልዩነት አልተገኘም። ልጆቹ ኮምፒውተሩን ተጠቅመውበታል፤ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነገር ግን አልተለወጠም። መሣሪያው ከትምህርቱ ዕቅድ ጋር ካልታሰረ ዕቃ ነው።

—

ባለሽቦ

ጠመኔ፣ በዚህ አንጣላም። እዚያ የተሰጠው መሣሪያው ነው፤ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ለየትኛው ርዕስ፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው ግን ለመምህሩ ተተወ። እኔም ብሆን ለ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ታብሌቱ ከ15 ደቂቃ በላይ እንዲከፈት አልመክርም። ለልምምድ ግን፣ ተማሪው ጥያቄ ሠርቶ እዚያው ትክክል ወይም ስህተት መሆኑን የሚያይበትን ነገር 40 ደብተር የሚያርም አንድ መምህር ሊተካው አይችልም። ለዚያ ነው።

—

የሒሳብ መምህርት

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን በመሃል ያለውን ዘለላችሁት። ከ40 ታብሌት በፊት አንድ ፕሮጀክተርና ባለ አራት ምርጫ ካርድ ይሞከር።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 ጀምሮ ያስፋፋው አካሄድ አለ። መምህሩ አንድ የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ያሳያል። ተማሪው 1 ወይም 2 ደቂቃ ብቻውን በዝምታ ያስባል፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይመርጣል። ትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ትምህርቱ እንደገና ይሰጣል፤ ማወያየት ስህተትን ማባዛት ነው። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ ባጭሩ አብራርቶ ማለፍ። በመሃል ከሆነ እያንዳንዱ የተለየ መልስ ከመረጠው ጎረቤቱ ጋር 2 ወይም 3 ደቂቃ ይከራከራል፣ እንደገና ይመርጣል። ዋናው ሥራ ያለው እዚህች ሁለት ደቂቃ ላይ ነው።

ለመምረጫው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ወረቀት ለአራት ታጥፎ በአራቱ ገጽ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በተለያየ ቀለም ይጻፋል፤ ተማሪው የመረጠውን ወደ መምህሩ አዙሮ ደረቱ ላይ ይይዘዋል፤ ከኋላ ያለው ጓደኛው አያየውም። እጅ ከማውጣት የሚሻለው ለዚህ ነው፦ እጅ ሲወጣ ደካማው ጎበዙን ያያል። መዝገብ የሚፈልግ በስልክ ፎቶ አንስቶ በኋላ ይቆጥራል። «ፕሊከርስ» የሚባለው አፕ ካርዱን በስልክ ካሜራ አንብቦ በስም ይመዘግባል፤ አቅጣጫው መልሱን፣ ሥዕሉ ተማሪውን ይለያል። እሱ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ታብሌት ካለ ደግሞ ለሁለት ተማሪ አንድ። 20 ታብሌት ማለት የሞገድ 32 ሜጋቢት 16 ሆነ ማለት ነው፤ ልጆቹም ይነጋገራሉ። በ7 ደቂቃ አንዴ የሚነካው እጅ ይቀየር፤ አለዚያ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው ተሳፋሪ ሆኖ ይቀራል።

—

ባትሪ ሐኪም

የኃይሉን ስሌት እኔ ልያዘው።

5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ታብሌት፣ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 18.5 ዋት ሰዓት ይይዛል። ቻርጀሩ የሚያባክነውን ጨምሩና ከግድግዳው 23 ዋት ሰዓት ያህል ይስባል። 40ው ሲሆን 920። በአንድ ጊዜ ከተሰኩ በ10 ዋት ሂሳብ 400 ዋት ነው፤ ይህ ለደህና የሶኬት ማከፋፈያ ምንም አይደለም። የሚቃጠለው ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ሲቀጠል ነው፤ የላላው መጋጠሚያ ይግላል።

አሁን መብራት ጠፋ እንበል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በወረቀት ላይ 1200 ዋት ሰዓት ነው። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ 600። ኢንቨርተሩ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ባትሪ 40 ታብሌት መሙላት አይቻልም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ። ሰርቨሩና አክሰስ ፖይንቱ ግን አንድ ላይ 15 ዋት ቢበሉ ለ6 ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ብቻ ናቸው። ባትሪው ለእነሱ ይሁን። ታብሌቶቹ መብራት ባለ ጊዜ ይሞሉ፣ በየራሳቸው ባትሪ ይዋሉ።

ሰርቨሩን ከባትሪው በኢንቨርተር ወደ 220 አውጥቶ መልሶ በቻርጀር ወደ 5 ማውረድ ብክነት ነው። ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ባለ 5 አምፒር መቀየሪያ ቀጥታ አስገቡ፤ በባትሪው ፕላስ ጫፍ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑር። አክሰስ ፖይንቱ «12 ቮልት» ስለሚል ብቻ ግን በቀጥታ ባትሪው ላይ እንዳትቀጥሉት። «12 ቮልት» የሚባል ባትሪ ሲሞላ 14.4 ይደርሳል፣ ሲደክም ከ12 በታች ይወርዳል። ቮልቱን የሚያረጋጋ መቀየሪያ በመሃል ያስፈልጋል።

ታብሌቶቹን ሲሞሉ ደርቦ መቆለል ክልክል ነው። በመካከላቸው የጣት ስፋት ያህል አየር ይለፍ። ጀርባው ያበጠ ወይም ስክሪኑ ከክፈፉ የተነሳ ታብሌት ከተገኘ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይበሳም፤ ከክፍሉ ይውጣ።

—

ስላይድ

ስለ ፕሮጀክተር ማንም አላነሳም፤ አብዛኛው መምህር የሚጠቀመው ግን እሱን ነው።

ሁለት ቁጥር ብቻ እዩ። የመጀመሪያው ብርሃኑ፦ መስኮቱ ክፍት ለሆነ ክፍል ከ3000 አንሲ ሉመን (በወጥ መመዘኛ የተለካ የብርሃን መጠን) በታች አትውረዱ። በተለይ ትንንሾቹ የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች ላይ «9000 ሉመን» ተብሎ ይጻፋል፤ «አንሲ» ወይም «አይኤስኦ» የሚል ቃል ከጎኑ ከሌለ ያ ቁጥር ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው የርቀት ንጽጽሩ (ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል)፦ 1.5 ከሆነ 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማግኘት 3 ሜትር መራቅ አለበት። 0.5 የሆነው በ1 ሜትር ያንኑ ያወጣል፤ የመምህሩ ጥላም ሰሌዳው ላይ አይወድቅም።

የመጨረሻው ረድፍ ጽሑፍ እንዲያነብ ርቀቱ ከምስሉ ቁመት 6 እጥፍ አይብለጥ። 1.2 ሜትር ቁመት ያለው ምስል እስከ 7 ሜትር ያገለግላል። ስላይድ ላይ 12 መስመር የሚደረድር ሰው ይህን ሕግ ራሱ ያፈርሰዋል።

ምስሉ ሲንጋደድ በቁልፍ ማስተካከል ይቀናል፤ ግን ያ ፒክሰል መቁረጥ ነው፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በተቻለ መጠን ፕሮጀክተሩን ራሱን አቅኑት። መብራቱ አምፖል የሆነ ፕሮጀክተር ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው እስኪቆም ሶኬቱ አይነቀል።

ስልክን ከፕሮጀክተር ጋር ለማገናኘት የምታስቡ፦ ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ያለው ስልክ ሁሉ ምስል አያወጣም። ርካሾቹ አብዛኞቹ አያወጡም፤ መቀየሪያ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ስልኩ በዚያ ቀዳዳ ምስል እንደሚያወጣ አረጋግጡ። የስልክን ምስል በዋይፋይ የሚያስተላልፈው ክሮምካስት ለመጀመሪያው ዝግጅት ኢንተርኔት ይፈልጋል። ላፕቶፕ ካለ ግን አንድሮይድ ስልክ በተራ የዳታ ገመድ ተያይዞ «ስክሪን ኮፒ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ስክሪኑ ላፕቶፑ ላይ ይታያል። ስልኩን ከጠረጴዛው 35 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አሳዩት፤ ሰነድ ካሜራ ሆነ ማለት ነው። የተማሪ ደብተር፣ የተቆረጠ አበባ፣ የኮምፓስ አያያዝ ለ40 ሰው በአንዴ ይታያል። ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከሁለት ጎን ይምጣ፤ አለዚያ ወረቀቱ ያንጸባርቃል። በእኔ ግምት በክፍል ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ብዙ የሚሠራው ይህ ነው።

—

ፊደል ቆጣሪ

በአማርኛ ይዘት ለምታዘጋጁ ብቻ፦

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) የገባው በ3.0 እትም፣ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ማስታወሻ ታብሌት ላይ የላቲን ፊደል ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ፎንቱን ታብሌቱ ላይ ለመጫን አትድከሙ፤ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት ወይም ፎንቱን ውስጡ ይዞ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥ። ፒዲኤፍ ከሆነ ይነበባል፣ ግን ውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም።

ራሱን የሚያርም ፈተና (ሙድል በተባለው የትምህርት ሶፍትዌር ላይ «አጭር መልስ» የሚባለው) ሌላ ጣጣ አለው። ኮምፒውተሩ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እና ጸሀይን አራት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ትክክል የመለሰ ልጅ ዜሮ ያገኛል። ወይ አማራጮቹን ሁሉ በመልስነት አስገቡ፣ ወይ ጥያቄውን ወደ ምርጫ፣ ወደ ማዛመድ ወይም ወደ ቁጥር ለውጡት። የኮከብ ምልክቷን በፊደሉ ቦታ መተካት ይቻላል፤ ግን ያልታሰበ መልስም ታሳልፋለች።

—

ላብ 3

ማይክሮ ቢትን (ተማሪ ፕሮግራም የሚጽፍባትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ለሳይንስ ክፍል ለምታስቡ ሦስት ነገር ልጨምር። ከ2020 ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው ሞዴል ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ አለው። ፕሮግራሙን ለመጫን ፋይሉን ልክ እንደ ፍላሽ ጎትቶ መጣል ነው፤ ኮምፒውተሩ «ፍላሹን» ካላሳየ ከአሥር ዘጠኙ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ የዳታ ሽቦ የሌለው ነው። የዳታ ገመዶቹን በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ለዩ።

ሙቀት መለኪያው የሚያነበው የራሱን ፕሮሰሰር ስለሆነ ከአየሩ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ከቴርሞሜትር ጋር አስተያዩና ልዩነቱን ፕሮግራሙ ውስጥ ቀንሱ፤ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

በሬዲዮ ሲያወሩ ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለየ የቡድን ቁጥር (ከ0 እስከ 255) ስጡ። ካልሆነ የአንዱ መልእክት በሁሉም ስክሪን ላይ ይዘንባል፣ ክፍሉም በሳቅ ያልቃል።

—

አዲስ ገቢ

አሁን «የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላፕቶፕ» የሚባሉት ወጥተዋል። ለትምህርት ቤት እነሱን መጠበቅ ይሻላል? ያሉን ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10 ናቸው።

—

ባለሽቦ

አትጠብቁ። ለእነዚህ ላፕቶፖች በ2024 የወጣው የማይክሮሶፍት መለኪያ («ኮፓይለት ፕላስ») 16 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ማከማቻና በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ ልዩ ቺፕ ይጠይቃል። ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ ከዚህ አንዱንም አይፈልግም።

ትንሽ የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ የሚያመነጭ የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያለ ኢንተርኔት ማስኬድ ይቻላል፤ ባለ 3 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል በ4 ቢት ሲጨመቅ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ፓይ 5 ላይም ይነሳል። ግን በሰከንድ የሚያወጣው ጥቂት ቁራጭ ቃል ነው፤ ለአንድ መምህር የመልመጃ ጥያቄ ሐሳብ ያመነጫል፣ 40 ተማሪ በአንዴ ቢጠይቀው ይቆማል። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል፦ ቃሉን ወደ ብዙ ጥቃቅን ቁራጭ ስለሚሰብረው ይንቀረፈፋል፣ ትንንሾቹ ሞዴሎችም ስህተት ያበዛሉ። መምህሩ ሳያየው ተማሪ እጅ አይግባ።

ላፕቶፖቹን በተመለከተ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ 11 ለመሄድ «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ቺፕና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ከሌላቸው ሊኑክስ ሚንት፣ «ኤክስኤፍሲኢ» የሚባለው ቀለል ያለ እትም፣ 4 ጊጋባይት ራም ላይ ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡበት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም።

—

የሒሳብ መምህርት

አንድ ጥያቄ ለባትሪ ሐኪም፦ ኮሊብሪ የመልመጃውን ቀን እያሳሳተ ይመዘግባል፤ ዛሬ የተሠራው የሦስት ቀን በፊት ሆኖ ይወጣል። ታብሌቶቹ ላይ ሰዓቱ ልክ ነው።

—

ባትሪ ሐኪም

መምህርት፣ ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው። ፓይ 4 የሰዓት ባትሪ የለውም። ኢንተርኔት ሲያጣ መጨረሻ ከተዘጋበት ሰዓት ይቀጥላል፤ ዓርብ ዘግተው ሰኞ ቢከፍቱት ለእሱ ገና ዓርብ ነው።

«ዲኤስ3231» የሚባለው የሰዓት ሞጁል አራት ሽቦ ነው፦ ኃይል፣ መሬት፣ ዳታ፣ ሰዓት ምት። ኃይሉን ከፓይው 3.3 ቮልት ፒን ይውሰዱ እንጂ ከ5 ቮልቱ አይሁን። በ5 ቮልት ከሆነ የዳታ መስመሮቹን ወደ 5 ይጎትታቸዋል፣ የፓይው ፒን ደግሞ የሚችለው 3.3 ነው። በተጨማሪ ርካሾቹ ሞጁሎች ላይ ባትሪ የሚሞላ ወረዳ አለ፤ በ5 ቮልት ሲሠራ የማይሞላውን «ሲአር2032» ባትሪ ሊሞላ ይሞክራል፣ ባትሪውም ያብጣል። በ3.3 ይህ አይደርስም። ከዚያ በማስተካከያው የ«አይ2ሲ» መስመሩን (ሞጁሉ ከፓይው ጋር የሚነጋገርበትን) ከፍተው፣ የሞጁሉን ስም ማስነሻ ፋይሉ ላይ ጨምረው፣ አንድ ጊዜ ትክክለኛውን ሰዓት ይጻፉበት። ኦቨርሌዩ በርቶ ከሆነ መጀመሪያ ያጥፉት፤ አለዚያ ለውጡ አይቀመጥም።

ፓይ 5 ሰዓቱ በውስጡ አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው የሚሰካ ነው፣ ከሳጥኑ ጋር አይመጣም።

—

የሒሳብ መምህርት

ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታብሌቶቹ ለረጅሙ ዕረፍት ሲቀመጡስ ሞልተው ነው ወይስ ባዶ?

—

ባትሪ ሐኪም

ሁለቱም አይሁን። ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ አድርሰው ሙሉ በሙሉ ያጥፏቸው፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይቀመጡ፤ በየሁለት ወሩ አንዴ አይተው ከ20 በታች የወረደውን መልሰው ወደ 50 ያምጡት።